በቤት የተሠራ ቨርቲካል አንቴናን ከ50 ኦም ኬብል ጋር ማጣጣም፦ የትኛው ዘዴ፣ መቼ፣ ለምን

ለ7 ሜጋኸርዝ ባንድ ቨርቲካል አንቴና አቁመው፣ አራት አምስት ሽቦ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ኤስ ደብሊው አሩ (ከአንቴናው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የሚያሳየው ልክ፤ 1 ለ 1 ማለት ምንም አይመለስም ማለት ነው) 1 ለ 1 ሲሆንላቸው ሥራው አለቀ ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ መጠርጠር ይገባል። የሩብ ሞገድ ቨርቲካል በጥሩ መሬት ላይ ሲቆም መግቢያው ላይ የሚያሳየው 36 ኦም አካባቢ ነው እንጂ 50 አይደለም። ምንም ማጣጣሚያ ሳይገባበት 50 ካሳየ የጎደለውን 14 ኦም ያሟላው አፈሩ ነው። ከ100 ዋት ውስጥ 28ቱ መሬት እያሞቀ ነው ማለት ነው።

መግቢያው ላይ የምንለካው ሬዚስታንስ የሦስት ነገሮች ድምር ነው። አንደኛው ኃይሉን ወደ አየር የሚያወጣው ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ብቻ ነው። ሁለተኛው በሽቦና በጥቅል ውስጥ በሙቀት የሚባክነው፣ ሦስተኛው አፈር የሚበላው ነው። ሜትር ሦስቱን ለይቶ አያሳይም። ማጣጣሚያም አይለያቸውም፤ ድምሩን ወደ 50 ኦም ይቀይራል እንጂ የባከነውን አይመልስም። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ አንቴናው በተፈለገው ፍሪኩዌንሲ ሬዞናንስ ላይ (ሬዚስታንስ ብቻ ወደሚያሳይበት ነጥብ) ይመጣል፣ ከዚያ ሬዚስታንሱ ይለካል፣ ማጣጣሚያ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። ከማጣጣሚያው የጀመረ ሰው አንድ ራዲያል (መሬት ላይ የሚዘረጋ ሽቦ) በጨመረ ቁጥር ሥራውን እንደገና ይሠራል።

ምሳሌያችን 7.1 ሜጋኸርዝ ይሁን። የሩብ ሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 71.3ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ነው፤ 10.04 ሜትር ይመጣል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ ከዚህ ትንሽ አጥሮ ነው ሬዞናንስ ላይ የሚመጣው፤ ቢሆንም 10.4 ሜትር ቆርጣችሁ ጀምሩና እየለካችሁ አሳጥሩ። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቤት መብራት ሽቦ በቂ ነው። ለመደገፊያ የፋይበርግላስ ዘንግ ከተገኘ እሰየው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ስትገዙ ካርቦን ያለበትን አትውሰዱ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። ደረቅ ቀርከሃም ይሠራል። እርጥብ የባህር ዛፍ አጣና ግን ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ሲቆም ኃይል ይበላል፣ ሬዞናንሱንም ወደ ታች ይጎትታል። አጣና ብቻ ካለ በየሜትሩ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ አስራችሁ ሽቦውን ከእንጨቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር በማይነካበት ቦታ መቆሙ ግዴታ ነው፤ ቢያንስ የቁመቱን አንድ ተኩል እጥፍ ራቁ።

ራዲያል የሚባሉት ከአንቴናው እግር ተነስተው በዙሪያው የሚዘረጉት ሽቦዎች ናቸው። የኬብሉ ውስጠኛ ሽቦ ወደ አንቴናው፣ የውጪው ጥልፍ ወደ ራዲያሎቹ ይገባል። መሬት ላይ ለሚተኙ ራዲያሎች ቁጥር ከርዝመት ይበልጣል፤ 80 ሜትር ሽቦ ካላችሁ 8 ባለ 10 ሜትር ከማድረግ 16 ባለ 5 ሜትር አድርጉት። በየሳንቲ ሜትሩ ማስተካከል አያስፈልጋቸውም፤ አፈሩ ስለሚያደበዝዛቸው ትክክለኛ ርዝመት የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ 4 ሜትር፣ ሌላው 6 ሜትር ቢሆን፣ አጥር ጋ ደርሶ ቢታጠፍ ችግር የለም። ሁሉንም በአንድ የመዳብ ወይም የእስቴንለስ ሳህን ላይ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ እሰሩ። መዳብን ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ አታገናኙ፤ በአንድ ክረምት ውስጥ መገጣጠሚያው አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። መካከላቸው የእስቴንለስ ሮንዴላ ይግባ።

አንድ የመሬት ብረት መቅበር ራዲያልን አይተካም። የተቀበረው ብረት ለመብረቅና ለስታቲክ ይጠቅማል እንጂ ለሬዲዮ ሞገድ እዚህ ግባ የሚባል መመለሻ መንገድ አይሆንም። በአንድ ብረት ብቻ የተገናኘ ቨርቲካል 80 ወይም 90 ኦም ቢያሳይ አይግረማችሁ። እንዲህ ያለውን በማጣጣሚያ 50 ኦም ማድረግ ይቻላል፤ ሬዲዮኑም ደስ ብሎት ይሠራል፤ ከኃይሉ ግን ከግማሽ በላይ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ልኬቱን በናኖ ቪኤንኤ (ትንሽ የአንቴና መለኪያ መሣሪያ) ብትሠሩ ከኤስ ደብሊው አር ሜትር እጅግ ይሻላል፤ ሬዚስታንሱንና ሪአክታንሱን (ኃይል ሳይበላ ጅረቱን የሚገታውን ክፍል፤ አንቴናው ሲያጥር ካፓሲቲቭ፣ ሲረዝም ኢንዳክቲቭ ይባላል) ለየብቻ ስለሚያሳይ ነው። መለኪያውን አንቴናው እግር ላይ በአጭር ኬብል አገናኙት። ክፍል ውስጥ ሆናችሁ በ20 ሜትር ኬብል በኩል የምታነቡት ቁጥር የአንቴናው አይደለም፤ ኬብሉ 36ቱን ወደ ሌላ ነገር ቀይሮት ነው የሚደርሳችሁ። ከቤት ሆኖ መለካት ግድ ከሆነ ክፍቱን፣ አጭሩንና የ50 ኦሙን ማስተካከያ የኬብሉ የሩቅ ጫፍ ላይ እየገጠማችሁ ካሊብሬት አድርጉ። በቅርብ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ ካለ ንባቡ ይዘላል፤ ያን ጊዜ መለኪያውን ማመን አይቻልም።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሪአክታንሱ ዜሮ የሚሆንበት ፍሪኩዌንሲ ነው። 10.4 ሜትሩ ሽቦ በ6.85 ሜጋኸርዝ ዜሮ ቢሆን፣ 10.4 ሲባዛ በ6.85፣ ሲካፈል ለ7.1፣ 10.03 ሜትር ይሆናል። እዚያው ድረስ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ ጫፉን አጥፋችሁ በራሱ ላይ ጠምጥሙትና ለኩ፣ ሲስተካከል ቁረጡ። አሁን በ7.1 ላይ የምታነቡት ሬዚስታንስ ነው ዘዴውን የሚመርጥላችሁ።

ከ45 እስከ 60 ኦም ካነበባችሁ ማጣጣሚያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ራዲያል ነው። 52 ኦም ያነበበ የሩብ ሞገድ አንቴና 36ን ለ52 ስናካፍል 69 በመቶ ብቻ ነው የሚያወጣው። ራዲያል ጨምራችሁ ወደ 40 ካወረዳችሁት 90 በመቶ ይሆናል። ኤስ ደብሊው አሩ ከ1.04 ወደ 1.25 ሲወጣ ሜትሩ የተበላሸ ያስመስለዋል፤ አንቴናው ግን ተሻሽሏል። ብዙ ሰው ራዲያል መጨመር ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ሲጨመር ባሰበት» ብሎ ነቅሎ የጣለም አለ።

36 ራሱስ ማጣጣም ያስፈልገዋል ወይ? በኔ አስተያየት ለአብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። 36 ኦም ከ50 ኦም ኬብል ጋር ሲገናኝ ኤስ ደብሊው አሩ 1.4 ነው፤ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ከ3 በመቶ በታች ነው። በ20 ሜትር አር ጂ-58 ኬብል ላይ በ7 ሜጋኸርዝ ይህ የሚጨምረው ብክነት በጆሮ አይለይም፤ ዘመናዊ ሬዲዮኖችም በ1.4 ኃይል አይቀንሱም። ማጣጣም ዋጋ የሚኖረው ባንዱ ዳር ላይ ኤስ ደብሊው አሩ 2 ሲያልፍ፣ ወይም ከፍ ያለ ኃይል የሚጠቀም ማጉያ ሲኖር ነው።

ማጣጣም ከተፈለገ ግን ከሁሉ የምመርጠው እግሩ ላይ በትይዩ የሚገባ ትንሽ ጥቅል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንቴናውን ከሬዞናንሱ ትንሽ ታሳጥሩታላችሁ፤ ሲያጥር ካፓሲቲቭ ሪአክታንስ ያመጣል። ከመግቢያው ወደ ራዲያሎቹ በትይዩ የገባው ጥቅል ያንን ካፓሲቲቭ ክፍል ሲያጠፋው ሬዚስታንሱ ወደ 50 ከፍ ይላል። ስሌቱ በማንኛውም ካልኩሌተር ይሠራል፦ 50ን ለተለካው ሬዚስታንስ አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ይህን ቁጥር ኪው እንበለው። አንቴናው ሊኖረው የሚገባው ካፓሲቲቭ ሪአክታንስ ሬዚስታንሱ ሲባዛ በኪው ነው፤ የጥቅሉ ሪአክታንስ ደግሞ 50 ሲካፈል ለኪው።

ለ40 ኦም ኪው 0.5 ነው። አንቴናው 20 ኦም ካፓሲቲቭ፣ ጥቅሉ 100 ኦም፣ በ7.1 ሜጋኸርዝ 2.2 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። ለ36 ኦም ኪው 0.62፣ አንቴናው 22 ኦም ካፓሲቲቭ፣ ጥቅሉ 80 ኦም፣ 1.8 ማይክሮሄንሪ ነው። በ14.2 ሜጋኸርዝ ከሆነ ሪአክታንሶቹ ያው ናቸው፤ ማይክሮሄንሪው በግማሽ ይቀንሳል።

ጥቅሉን ለመሥራት ውጫዊ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ውሰዱ። 2 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በየ4 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዙር እየተደረገ 7 ዙር ሲጠቀለል፣ ርዝመቱ 28 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1.8 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል፤ 8 ዙር ሲሆን 2.2 አካባቢ ነው። አንድ ሜትር ከሩብ ሽቦ ለሁለቱም ይበቃል። ዙሮቹ እኩል እንዲራራቁ በመካከላቸው ሲባጎ አብራችሁ ጠቅልሉና ሲጨርስ ሲባጎውን ፍቱት። ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፋቁ። በደንብ ያልተፋቀ ቫርኒሽ ላይ የተበየደ ሊድ የያዘ ይመስላል እንጂ ግንኙነት የለውም፤ ኤስ ደብሊው አሩ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚቀያየርባቸው አንቴናዎች ሲፈቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ነው።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ጥቅሉ ሳይገባ ሽቦውን በጥቂቱ እያጠፋችሁ አሳጥሩት፤ ለ10 ሜትር ሽቦ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያጥር 22 ኦም ገደማ ካፓሲቲቭ ያሳያል። ሲያጥር ሬዚስታንሱም አብሮ ትንሽ ይወርዳል፤ ለምሳሌ 36 የነበረው 33 ሊሆን ይችላል። ለ33 የሚፈለገው ጥቅል 1.55 ማይክሮሄንሪ ስለሆነ 7ቱን ዙር ከ28 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ዘርጉት። ከዚያ ጥቅሉን አገናኙ። ሬዚስታንሱ 50 ሆኖ ሪአክታንሱ ኢንዳክቲቭ ከቀረ ጥቅሉ አንሷል፤ ዙሮቹን ወደ መሃል ጨምቁ። ካፓሲቲቭ ከቀረ ጥቅሉ በዝቷል፤ ዘርጉት። ሬዚስታንሱ ራሱ 50 ካልደረሰ ስህተቱ ከጥቅሉ አይደለም፤ አንቴናውን ጥቂት ጨምራችሁ አሳጥሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትነካኩ።

ይህን ጥቅል የምወድበት ሌላ ምክንያት አለ። አንቴናውን ለቀጥታ ጅረት ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ነጎድጓድ ሲቃረብ ወይም ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሽቦው ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ በጥቅሉ በኩል ይፈስሳል፤ ወደ ሬዲዮኑ አይገባም። ከመብረቅ ግን አያድንም። ክረምት ላይ ደመናው ሲጠቁር ኬብሉን ከሬዲዮኑ ነቅሎ ከቤት ውጪ መተው እንጂ ሌላ ብልሃት የለም።

ያንኑ ሥራ በካፓሲተርም መሥራት ይቻላል። አንቴናውን አሳጥሮ ጥቅል ከማስገባት ይልቅ አስረዝሞ ካፓሲተር በትይዩ ማስገባት ነው። ለ36 ኦም በ7.1 ሜጋኸርዝ 280 ፒኮፋራድ፣ በ14.2 ደግሞ 140 ፒኮፋራድ ይሆናል። በ100 ዋት እዚያ ላይ ያለው ቮልቴጅ ጫፉ 100 ቮልት ስለሆነ 500 ቮልት የሚችል የማይካ ካፓሲተር ይበቃዋል። ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ተራ የሴራሚክ ዲስክ አትጠቀሙ፤ ሲሞቅ ዋጋው ይቀየራል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ስታቲክ የሚያፈስስ መንገድ የሌለው መሆኑም ይጎዳዋል። ጥቅል መሥራት ለሚችል ሰው ካፓሲተሩን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ ርካሹ ማጣጣሚያ ግን ጂኦሜትሪ ነው፤ አንቴናው ከመሬት ከፍ ብሎ ለሚቆምበት ቦታ። ራዲያሎቹ ወደ ጎን በቀጥታ ሲዘረጉ መግቢያው ከ20ዎቹ እስከ 30ዎቹ ኦም ያሳያል። ወደ ታች ባዘነበሉ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ 45 ዲግሪ ላይ 50 አካባቢ ይሆናል። ለ145 ሜጋኸርዝ 49 ሳንቲ ሜትር ቋሚና አራት ያዘነበሉ ተመሳሳይ ዘንጎች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ምንም አይጨመርም። ለ28 ሜጋኸርዝም 2.5 ሜትር ስለሆነ ጣሪያ ላይ ይመቻል። እዚህ 50 ማንበብ እንደ መሬቱ አንቴና አያስጠረጥርም፤ ከፍ ያሉ ራዲያሎች አፈሩን ስለማይነኩ ብክነታቸው ትንሽ ነው። በተቃራኒው ርዝመታቸው ይቆጠራል፤ አራቱም እኩልና ሬዞናንስ ላይ መሆን አለባቸው።

የቆርቆሮ ጣሪያን እንደ ራዲያል መጠቀም ብዙዎች ይሞክራሉ። ይሠራል፤ ሆኖም ቆርቆሮዎቹ የሚነካኩት በዝገትና በምስማር በኩል ነው። የዛገ መገጣጠሚያ እንደ ዳዮድ ሆኖ የማይፈለግ ፍሪኩዌንሲ ያመነጫል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይረበሻል፣ የራሳችሁም መቀበያ ይንጫጫል። ቢያንስ በአንቴናው ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች ቀለማቸውን ፍቃችሁ በአጫጭር የመዳብ ጥልፍና በብሎን አያይዟቸው። ያ ካልተቻለ ጣሪያውን ተዉትና ከላዩ ራዲያል ዘርጉ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ፤ ግቢው 10 ሜትር ምሰሶ የማያስቆም ሲሆን። 5 ሜትር ቁመት ያለው 25 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ በ7.1 ሜጋኸርዝ ወደ አየር የሚያወጣበት ሬዚስታንስ 6 ኦም ገደማ ብቻ ነው፤ ካፓሲቲቭ ሪአክታንሱ ግን 370 ኦም አካባቢ ይደርሳል። ይህን ለማጥፋት እግሩ ላይ በተከታታይ 8.3 ማይክሮሄንሪ ጥቅል ይፈልጋል። ጥሩ ጥቅል ራሱ 2 ኦም ያባክናል። አፈሩ 10 ኦም ቢጨምር ድምሩ 18፣ ውጤታማነቱ 33 በመቶ ነው። መሬት ለሙሉው አንቴና ጠቃሚ ከሆነ ለአጭሩ ሕይወቱ ነው፤ ከ10 ኦሙ 5 ቢቀነስ ውጤታማነቱ ወደ 46 በመቶ ይዘላል። ከጫፉ ላይ ኮከብ መስለው የሚወጡ አራት የ1 ሜትር ሽቦዎች ማሰርም ሬዚስታንሱን ከፍ፣ የሚያስፈልገውን ጥቅል አነስ ያደርገዋል። ለጥቅል ጥራት ከመጨነቅ በፊት ይህን አድርጉ።

ለ18 ኦም ኪው 1.33 ነው። አንቴናው 24 ኦም ካፓሲቲቭ እንዲቀርበት ከ370ው 346ቱን ብቻ ታጠፋላችሁ፤ ይህ 7.8 ማይክሮሄንሪ ነው። በ75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ በየ4 ሚሊ ሜትሩ 10 ዙር ሲሆን ይህንኑ ይሰጣል። 12 ዙር ጠቅልሉና መንጠቆ እያዛወራችሁ ትክክለኛውን ዙር ፈልጉ፤ የማያስፈልገውን ትርፍ ቁረጡት። የትይዩው ጥቅል 37.5 ኦም፣ ማለትም 0.84 ማይክሮሄንሪ ነው፤ በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ 5 ዙር በ33 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ሁለቱ ጥቅሎች ጎን ለጎን አይቁሙ፤ አንዱ ቋሚ ሌላው አግዳሚ ይሁን፤ አለዚያ እርስ በርስ ተጠላልፈው ስሌቱን ያፋልሳሉ። የትይዩው ጥቅል ሳይገባ በ7.1 ላይ 18 ኦምና 24 ካፓሲቲቭ ማንበብ አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚገናኘው።

አጭር አንቴና ላይ ቮልቴጁ ይከብዳል። 100 ዋት በ18 ኦም ውስጥ 2.36 አምፒር ይነዳል፤ ከጥቅሉ በላይ አንቴናው እግር ላይ ጫፉ ከ1,200 ቮልት በላይ ይሆናል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ብልጭታ ባነሰ ቮልቴጅ ይነሳል። በመጻሕፍት ላይ የሚሰጡ የክፍተት ልኮች ለዝቅተኛ ቦታ የተሠሉ ስለሆኑ እዚህ ቢያንስ በግማሽ ጨምሯቸው። ከቱቦው እስከ ራዲያል ሳህኑ ድረስ ያለው መለያ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። አቧራ ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል ፒቪሲው ላይ ጥቁር መስመር የሚያቃጥለው በዚህ ነው። ሰውና ልጆች እንዳይነኩት እግሩን ማጠር አትርሱ።

ሬዚስታንሱ ከ25 እስከ 32 ኦም ለሆነ አንቴና፣ በተለይ ከፍ ብለው አግድም ለተዘረጉ ራዲያሎች፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው የዲሽ ኬብል ጥሩ ማጣጣሚያ ይሆናል። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፤ ሁለቱ በትይዩ ሲታሰሩ 37.5 ኦም ይሆናሉ። ርዝመታቸው ሩብ ሞገድ ሲሆን 28 ኦምን ወደ 50 ይቀይራሉ። ለ36 ኦም ግን 39 ነው የሚሰጣችሁ፤ ድካሙን አይመልስም። ርዝመቱን በስሌት ብቻ አትቁረጡ፤ የፎም ኬብሎች ፍጥነት ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። 9.5 ሜትር ቆርጣችሁ የሩቁን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ በመለኪያው መግቢያው አጭር ዙር የሚመስልበትን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ፈልጉ። 7.1 እስኪደርስ ከጫፉ ቁረጡ። አብዛኛው የዲሽ ኬብል ጥልፉ አሉሚኒየም ስለሆነ ሊድ አይዝም። በኤፍ ኮኔክተር ወይም በመጭመቂያ ብሎን አያይዙት፤ ከላዩ ሲሊኮን ቀቡና በናስትሮ ሸፍኑት። ውሃ አንዴ ጥልፉ ውስጥ ከገባ ኬብሉ አለቀለት።

የ4 ለ 1 ትራንስፎርመር ለሩብ ሞገድ ቨርቲካል ምንም አይጠቅምም። 36 ኦምን ወይ 9 ወይ 144 ያደርገዋል፤ ሁለቱም ከ50 ይርቃሉ። የእሱ ቦታ 13 ሜትር ገደማ ቁመት ላላቸውና በብዙ ባንድ ላይ በቱነር (በሚስተካከል የማጣጣሚያ ሣጥን) ለሚሠሩ አንቴናዎች ነው። እዚያም ቢሆን ቱነሩ አንቴናው እግር ላይ ካልሆነ በዝቅተኛ ባንዶች ኬብሉ ብዙ ይበላል።

የግማሽ ሞገድ ቨርቲካል ሌላ ጉዳይ ነው። በ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከታች ሲመገብ ከ2,000 እስከ 4,000 ኦም ያሳያል። ጅረቱ እግሩ ላይ ትንሽ ስለሆነ ራዲያል ብዙ አይፈልግም፤ ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ለብዙ ባንድ ከተፈለገ ኤፍ ቲ 240-43 ፌራይት ቀለበት ላይ 2 ዙር በኬብሉ በኩል፣ 14 ዙር በአንቴናው በኩል ጠቅሎ 49 ለ 1 ትራንስፎርመር ማድረግ ይቻላል፤ በ2ቱ ዙር ላይ የ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በትይዩ ይገባል። ለአንድ ባንድ ብቻ ከሆነ ግን ጥቅልና ካፓሲተር ይሻላል፤ ፌራይቱ የሚያሞቀውን ኃይል ያተርፋል። ለ2,450 ኦም በ14.2 ሜጋኸርዝ 3.9 ማይክሮሄንሪ በተከታታይ፣ 32 ፒኮፋራድ በአንቴናው በኩል በትይዩ ነው። ጥቅሉ ቲ 200-2 ቀይ ቀለበት ላይ 18 ዙር ይሆናል። ለካፓሲተሩ የአር ጂ-58 ኬብል ቁራጭ ይበቃል፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ስላለው 32 ሳንቲ ሜትር ነው። 40 ቆርጣችሁ እየለካችሁ አሳጥሩ፤ ክፍት ጫፉ ላይ ጥልፉን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ፋቁት፤ 700 ቮልት እዚያ ስላለ አለዚያ ይበልጫል።

ምሰሶው መሬት የተቀበረ የውሃ ቱቦ ብረት ሆኖ ከመሬት መለየት ካልተቻለ ጋማ ማች ይሠራል፤ ከምሰሶው ጎን ትይዩ ሽቦ ወጥቶ ከፍ ያለ ነጥብ ላይ ይታሰራል፣ ከታች በተከታታይ ተለዋዋጭ ካፓሲተር ይገባል። ማስተካከሉ ሁለት ነገር አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ አድካሚ ነው፤ ምሰሶውን መለየት ከቻላችሁ አትግቡበት።

ለየትኛውም ዘዴ ኬብሉ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ቾክ (በኬብሉ ውጪ የሚሄደውን ጅረት የሚያግድ ጥቅል) አድርጉ። ኤፍ ቲ 240-31 ቀለበት ላይ ቀጭን ኬብል 12 ዙር ለ7 ሜጋኸርዝ ይበቃል። ያለ ቾክ የኬብሉ ውጪ ራሱ ራዲያል ይሆናል፤ ኬብሉን በእጅ ስትይዙ ንባቡ ከተቀየረ ማስረጃው እሱ ነው። ማጣጣሚያውን ከማስተካከላችሁ በፊት ካልገባ ስታስገቡት ቁጥሩ ሁሉ ይቀየራል።

አፈሩ መረሬ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ይወጣል። ስለዚህ የትይዩውን ጥቅል በኤፖክሲ አትድፈኑት። ክዳኑ በሚከፈት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርጉት፤ ከታች ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ለውሃ መውጫ ይኑረው። ሐምሌና የካቲት ላይ አንድ አንድ ጊዜ ጥቅሉን ነቅላችሁ ባዶውን አንቴና ለኩ፤ ቁጥሩን ከነቀኑ በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጻፉት። የበጋው ንባብ ከክረምቱ ከ5 ኦም በላይ ከራቀ ጥቅሉን ከመነካካት በፊት ራዲያል ጨምሩ።